የወይዘሮ ሀ ደብተር

ታናሽ እህቴን ቤት ውስጥ ጩጬ ነው የምንላት። አስራ ዘጠኝ ዓመቷን ብትደፍንም፣ በቁመት ብትበልጠኝም፣ የመጨረሻ ልጅ ስለሆነች ስሙ ላይዋ ላይ ቀረ። ስለሷ የምጽፈው ትልቅ ሥራ ሠርታ አይደለም። ከዩኒቨርሲቲ በፊት ባለው የሁለት ዓመት ኮሌጅ ሳይኮሎጂ ስትማር፣ የእናታችንን ሕመም ከማናችንም ቀድማ ያየችው እሷ ናት። ቀድማ አየችው፣ ቀን ከቀን መዘገበችው፣ ግን ሌላ ነገር ነው ብላ መዘገበችው። ሰባት ወር ሙሉ። እናታችን አሁን ሆስፒታል ተኝታለች። ያ ሰባት ወር ከዕድሜዋ ላይ ይቀንስ አይቀንስ የሚነግረን ሰው አላገኘንም።

ከመጀመሪያው ልነሳ።

እማ የሆቴል ልብስ ተኳሽ ናት። አባታችን ለሰው ሲያስተዋውቃት "ተኳሽ ናት" ብሎ ብቻ ይተወውና፣ ሰውዬው ሲደነግጥ "አይዞህ፣ አንሶላ ነው የምትተኩሰው" ይል ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ምድር ቤት ባለው የእጥበት ክፍል፣ በእንፋሎት መተኮሻው ፊት ቆማ ኖራለች። እኛ ቤት ፎጣ እንኳን ተጨማዶ አያድርም። አባታችን ደግሞ የአውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት እንደ ሁልጊዜው ኮፍያውን አድርጎ ወጣ፣ አራተኛው ፌርማታ ላይ ደረቱን ይዞ ተቀመጠ፣ በዚያው ቀረ።

እማ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሥራ ገባች። አላለቀሰችም አይባልም፤ እኛ ፊት ግን ብዙም አላለቀሰችም። "ምን ላድርግ፣ እንፋሎቱ ያደርቀዋል" ትላለች።

ጩጬ ኮሌጅ የገባችው በዚያው ዓመት ነው። ሦስት ትምህርት መምረጥ ነበረባት። በታሪክና በሒሳብ ማንም አልተከራከራትም። ሦስተኛው ሳይኮሎጂ መሆኑ ሲሰማ ግን ሰፈሩ ሁሉ አስተያየት ሰጪ ሆነ። በራችን ፊት ለፊት ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ በተለይ አላስቆም አላስቀምጥ አላት።

"ነይ እስቲ ሳይኮ፣ አሁን ምን እያሰብኩ ነው?"

"ጋሼ፣ ሳይኮሎጂ እኮ ጥንቆላ አይደለም።"

"ታዲያ ምንድነው?"

"የሰው ባሕርይ ጥናት ነው።"

"የኔን ባሕርይ ሚስቴ አጥንታዋለች። አጥንታ ስትጨርስ ጥላኝ ሄደች። አንቺም ብዙ አታጥኚ፣ ባል ታጪያለሽ!"

ጩጬ ሳቀች እንጂ አልተቀየመችም። ሐሳቧ ቁርጥ ነበር፤ በዚህ ትምህርት ጥሩ ውጤት አምጥታ ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ መናገር ያቃተው ሰው ሲመጣ ቁጭ ብላ የምትሰማ ባለሙያ መሆን። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። አባታችን ከሞተ ወዲህ ቤታችን ውስጥ መናገር ያቃተው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

የመጀመሪያው ዓመት ጨዋታ ነበር ማለት ይቻላል። የተማረችውን ሁሉ እኛ ላይ ትሞክረዋለች። አንድ እሑድ እኔን፣ ባለቤቴንና እማን ደርድራ አስራ ሁለት ቃል አነበበችልንና አንድ ደቂቃ ቆይታ ጠየቀችን። እኔ ስድስት አስታወስኩ። ባለቤቴ አምስት አለ፤ ከአምስቱ አንዱን ጭራሽ ከራሱ ነው ያመጣው። እማ፣ ማንበብና መጻፍ የማትችለው እማ፣ አስራ አንዱን ዘረገፈችው።

"እማ! እንዴት አድርገሽ ያዝሽው?"

"ክፍል ክፍል አስገባኋቸዋ። ጃንጥላው መቶ አንድ፣ ዶሮዋ መቶ ሁለት፣ መሰላሉ መቶ ሦስት።"

"አንዷ ቃል የት ጠፋች ታዲያ?"

"መቶ ሰባት? እዚያ ያለው እንግዳ አልወጣም፤ አትረብሹኝ ብሎ በሩ ላይ ሰቅሏል።"

ጩጬ እስኪያማት ሳቀች። ክፍል ውስጥ ስትናገረው መምህሯም ሳቀች አሉ። ያ ነው እንግዲህ ጩጬ በኋላ ለጥናቷ እማን እንድትመርጥ ያደረጋት።

ሁለተኛው ዓመት ሲጀመር የአንድ ሰው ጥናት እንዲሠሩ ታዘዙ። አንድ ሰው መርጠው ለወራት መከታተል፣ የሚያደርገውንና የሚናገረውን በቀንና በሰዓት መዝግበው፣ የተማሩትን አስደግፈው መተንተን። ለዩኒቨርሲቲ መግቢያው ፈተና የሚያዝ ነጥብ አለው። መምህሯ ጥሩ ሴት ናት፣ ልጆቹን ትወዳለች። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ትልቅ ሆድ ስላ "የመጽሐፉ ሰዎች ሲከፋቸው ልባቸውን ነው የሚሉት። የኛ ሰው ግን ሐዘኑን የት ነው የሚያስቀምጠው?" ብላ ጠየቀች። ልጆቹ እየተሽቀዳደሙ መለሱ፤ ሆዴ ባባ፣ ሆድ ባሰኝ፣ አንጀቴን በላው፣ አንጀቴ ተንሰፈሰፈ፣ ሆድ ይፍጀው። "ስለዚህ" አለች መምህሯ፣ "ሰው ሆዴን ሲላችሁ ቶሎ ወደ ሆዱ አትሂዱ። ምን ሆኖ ነው በሉ።"

ጩጬ እቤት መጥታ ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ ያበራ ነበር። "እትዬ፣ ቋንቋችን ራሱ መጽሐፍ ነው እኮ!" አለችኝ። እኔም እውነቷን ነው አልኩ። ዛሬም ቢሆን ትምህርቱ ስህተት ነው አልልም።

እማ በዚያን ሰሞን አንድ ነገር ማለት ጀምራ ነበር። ከሥራ ትመጣለች፣ ጫማዋን ታወልቃለች፣ ወንበሩ ላይ ዘፍ ትልና "አንጀቴ እርር ይላል" ትላለች። እንደዚህ ነው ያለችው። ጨጓራዬን ብትል በማግስቱ ሐኪም ቤት እንወስዳት ነበር። አመመኝ ብትልም እንወስዳት ነበር። አንጀቴ እርር ይላል ያለች፣ ባሏን ቀብራ ዓመት ያለፋት፣ በቅጡ ያላለቀሰች ሴት ግን ምን ሆና እንደሆነ ለማወቅ ኮሌጅ መግባት አያስፈልግም። እኔም እንደዚያው ነው የሰማሁት።

ጩጬ አዲስ ደብተር ገዛች። ስም መጻፍ ክልክል ነው ስለተባሉ ሽፋኑ ላይ "ወይዘሮ ሀ" ብላ ጻፈች።

"ማናት ሀ?" አለች እማ።

"አንቺ ነሻ።"

"እኔ? ፊደል ሳልቆጥር ፊደል ሆኜ አረፍኩት!" ስቃ አትጠግብም። ለሥራ ጓደኞቿ ሁሉ ነገረቻቸው። የእጥበት ክፍሉ አለቃ እንኳን "ወይዘሮ ሀ፣ ትራስ ልብሶቹ ደርሰዋል?" እያለች ትጠራት ጀመር።

ደብተሩ በደንብ የተያዘ ደብተር ነበር። ማክሰኞ፣ ከምሽቱ አስራ ሁለት ሰዓት፣ "አንጀቴ እርር ይላል" አለች፤ ከዚያ በፊት የአባትን ኮፍያ አይታ ነበር። ዓርብ፣ ራት ላይ፣ ግማሽ ዳቦ በልታ ተወች። እሑድ፣ ሁለት ጊዜ አለች። ጩጬ ዝም ብላ መዝጋቢ ብቻ አልሆነችም። እማን ከሥራ መልስ የጓሮው ደረጃ ላይ ታስቀምጣትና ስለ አባታችን ታናግራታለች። እንዴት ተዋወቃችሁ? መጀመሪያ ምን አለሽ? ምን ያናድድሽ ነበር? እማም አንዳንድ ቀን እየሳቀች፣ አንዳንድ ቀን እያለቀሰች ታወራለች። ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ ያለቀሰችበት ቀን ነበር። በበነጋው ፊቷ ፈክቶ፣ እየዘፈነች ሥራ ሄደች። እኔ በዓይኔ ያየሁት ነው። እህቴ እናቴን አናገረቻት፤ ይህንን ማንም አይወስድባትም።

አንድ ጊዜ ብቻ "ለማንኛውም ሐኪም ቢያያትስ?" ብያለሁ።

"እትዬ፣ ኪኒን ነው የሚሰጧት። ኪኒኑ ስሜቱን ያፍነዋል። ገና አሁን እየወጣላት ነው።"

"እየከሳች ነው እኮ።"

"ያዘነ ሰው አይበላም።"

እማም ከጓዳ ሆና "ተያት፣ ልጄ ታውቃለች። ደግሞ ቀኑን ሙሉ ተሰልፌ ልቆምልሽ ነው?" አለች። እኔም ተውኩት። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኛል። ሐዘን ከሆነ ያልፋላ። የሥራ ቀሚሷን ሁለት ጊዜ ያጠበብኩላት እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ፣ በመርፌና በክር፣ መጀመሪያ ሁለት ጣት፣ ቀጥሎ ሦስት ጣት። ስሰፋ ምን አስቤ እንደሆነ ቢጠይቁኝ፣ ጨርቁ እንዳይጨማደድ ነው ያሰብኩት።

ሥራው ተገምግሞ ሲመለስ ጩጬ ከአርባ ሠላሳ ስምንት አገኘች። መምህሯ ዳር ላይ በቀይ "እንደዚህ በቅርበት የተመለከተ ተማሪ አላጋጠመኝም" ብላ ጻፈችላት። እማ "አንብቢልኛ፣ ስለኔ አይደል?" አለች፤ ተሰብስበን ቁጭ አልን። ጩጬ ጉሮሮዋን ጠርጋ ጀመረች፦ ወይዘሮ ሀ ሐዘናቸውን በቀጥታ አይገልጹም፤ "አንጀቴ እርር ይላል" የሚለው አባባላቸው ያልተነገረ ሐዘን በአካል በኩል የሚወጣበት መንገድ ነው። እማ እንደ ሬዲዮ ዜና በጥሞና ሰማች። አንቱ መባሏም ደስ አሰኝቷታል።

"ትክክል ነው" አለች በመጨረሻ። "ግን እዚህ ጋ ነው።" በአንድ ጣቷ ከደረቷ አጥንት በታች፣ ወደ ግራ ትንሽ ገባ ብሎ ያለውን ቦታ ነካች። "ይቺን ቦታ ነው እርር የሚያደርገኝ። ይቺንም ጻፊያት።"

ጩጬ ጻፈቻት። አሁንም ደብተሩ ላይ አለች። ወይዘሮ ሀ ቦታውን በአንድ ጣት ያመለክታሉ።

ሦስት ዓመት የሞላት ልጅ አለችኝ። ሆዴን ስትለኝ ምን አደርጋለሁ? አስተኛታለሁ፣ እጄን ሆዷ ላይ አደርጋለሁ፣ እጫናለሁ፣ ፊቷን አያለሁ። ለዚህ ማንም አላስተማረኝም። የእናቴ ሆድ ላይ ግን በሰባት ወር ውስጥ አንድም ቀን እጄን አላደረግኩም። ትልቅ ሰው ናት፣ ነገሯ ትልቅ ነው ብለን ሁላችንም ልቧን ስንፈልግ ሆዷን ረሳነው።

ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው የእጥበት ክፍሉ አለቃ ስልክ ደወለች። እማ የተተኮሰ አንሶላ ላይ አስታውካለች፣ ያስታወከችው የቡና አተላ ይመስላል፣ ቆማ መሄድም አልቻለችም። ስንደርስ ከሁሉ በላይ ያስጨነቃት አንሶላው ነበር። "ለመቶ ሃያ የተዘጋጀ እኮ ነው" ትላለች።

የወሰድናት ክሊኒክ ሐኪም ጎልማሳ፣ ቁጥብ ሰው ነው። እማን አስተኝቶ ሆዷን ተጫነ። እህቴ ጥግ ላይ ቆማለች።

"እናት፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"እኔ እንጃ ልጄ፣ ቆየት ብሏል።"

"በግምት? አንድ ወር? ሁለት?"

ጩጬ ከቦርሳዋ ደብተሩን አወጣች። ገጽ ትገልጥ ጀመር። መጀመሪያ የተባለበት ቀን ይኸው። በሳምንት ስንት ጊዜ፣ ይኸው። ምግብ የቀነሰችበት፣ ይኸው። ሥጋ ያስጠላት ከዚህ ቀን ወዲህ ነው። ቶሎ እጠግባለሁ ማለት የጀመረችው እዚህ ጋ ነው። ቦታውን በጣት ያሳየችበት፣ ይኸው። ሐኪሙ ደብተሩን ተቀብሏት ብዙ ገጽ አነበበ። ቀና ብሎ "ይህን ሁሉ እየመዘገብሽ..." አለና አልጨረሰውም። እርሳሱን አስቀመጠ። "ጥሩ ታሪክ ነው። ኮፒ አድርገን ከካርዷ ጋር እናያይዘዋለን" አለ።

ታሪክ የሚሉት የሕመም ታሪክ ነው፤ ሐኪሞች እንዲህ ነው የሚሉት። እህቴ ከዚያ በኋላ ያን ደብተር አልነካችውም።

ሆስፒታል ተላክን። መሣሪያ በጉሮሮዋ አስገብተው አዩ፣ ትንሽ ቆርጠው ለምርመራ ላኩ፣ ጠበቅን። ቀዶ ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ኮሪደር ላይ አቁማን ቃሉን አንዴ ብቻ ተናገረችው። ዕጢው ከጨጓራ አልፎ ወጥቷል። አውጥቶ መጣል አይቻልም፤ ምግብ እንዲያልፍ መንገድ መክፈት ይሞከራል።

"ከሰባት ወር በፊት ብናመጣትስ?" አለች ጩጬ።

"እንደዚህ አትጠይቂ።"

"አይ ዶክተር፣ ንገሪኝ። ይለወጥ ነበር ወይስ አይለወጥም ነበር?"

"ምናልባት" አለች ሐኪሟ። "ምናልባት ይለወጥ ነበር። ምናልባትም ያኔውኑ አልፎ ነበር። እውነቱን ነው የምልሽ፣ አላውቅም።"

እህቴን የጎዳት ይሄ ነው። ገደልሻት ቢሏት ታለቅሳለች። አንቺ ምንም አላጠፋሽም ቢሏት ታርፋለች። ምናልባት ላይ ግን ሰው እንዴት ቁጭ ይላል? እኔ አቅፌ አይዞሽ እላታለሁ፣ ሾርባ እሠራለሁ፣ ልጄን ለጎረቤት ሰጥቼ ተራ እገባላታለሁ። የምችለው ይሄው ነው።

ለእማ የጨጓራ ቁስል ነው ብለን ነገርናት። አላመነችንም፤ ግን ደግማ አልጠየቀችንም። ይልቅስ ጩጬን ትሸነግላለች። "አንቺ ባታናግሪኝ ኖሮ እኔ አባታችሁን ሆዴ ውስጥ ይዤው ነበር የምሄደው" አለቻት። ልታጽናናት ነው። ጩጬ ሽንት ቤት ገብታ ግማሽ ሰዓት አልወጣችም።

መምህሯም መጣች። ብርቱካን ይዛ አልጋው ግርጌ ቆመች። እማ "የልጄ አስተማሪ! ሠላሳ ስምንት የሰጠሻት?" ስትላት ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች። ስትወጣ ተከትያት ሄድኩ። ኮሪደሩ ላይ "እኔም አነበብኩት እኮ" አለችኝ። "የት እንደሚያማት የሚለውን ሁሉ አንብቤ፣ አሪፍ ምልከታ ብዬ ምልክት አደረግኩበት።" ምን ልበላት? እኔም ቀሚስ አጥብቤያለሁ አልኳት። ተያይተን ተለያየን።

ፈተናው ደረሰ። ታሪክን ተፈተነች፣ ሒሳብን ተፈተነች። የሳይኮሎጂው ጠዋት ግን ልብሷን ለብሳ እማ አልጋ አጠገብ ተቀመጠች፣ አልነሳ አለች።

"ተነሺ ጩጬ፣ አውቶቡሱ ሊያመልጥሽ ነው።"

"አልሄድም።"

"የሁለት ዓመት ልፋትሽን? ዩኒቨርሲቲውስ?"

"እትዬ፣ የማውቀውን ብጽፍ ልክ ነው ብለው ያርሙልኛል። እሱ ነው የሚያስፈራኝ።"

እማ እንቅልፍ የወሰዳት መስሎን ነበር። ዓይኗን ሳትገልጥ "እኔን ምክንያት አድርገሽ እንዳትቀሪ" አለች። "ሂጂ፣ በኋላ የማን ልጅ ናት ይሉኛል።" ለምና፣ ተቆጥታ፣ መጨረሻ ላይ ደክማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጩጬ ከወንበሩ አልተነሳችም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ፈተናው እንዳለቀ አወቅን። እኔ በሆዴ ሌላ ዓመት መፈተን ይቻላል እያልኩ አስባለሁ። ይቻላልም። ጠይቄያለሁ፤ ቅጹን ራሴ ሄጄ አምጥቼ ቤት አስቀምጫለሁ።

መንገድ የመክፈቱ ነገር ተሞከረ፤ ፈሳሽ ፈሳሽ ነገር ማሳለፍ ጀመረች። በአጃ የተሠራ ቀጭን ሾርባ በማንኪያ እንሰጣታለን፤ ጠዋት አምስት ማንኪያ፣ ከሰዓት አምስት። አልጋ ስትይዝ አርባ አንድ ኪሎ ነበረች። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ነርሷ ሚዛኑን እየገፋች መጥታ እማን ደግፈን አቆምናት። ነርሷ ጎንበስ ብላ አየች፣ ደግማ አየች፣ ጻፈች።

"አርባ ሦስት ተኩል።"

እማ የሰማችውን ማመን አቃታት። "ስንት? ጨመርኩ እንዴ? ሾርባው ነው! አላልኳችሁም?" እኔም ዘልዬ ልስማት ምንም አልቀረኝም። ሁለት ኪሎ ተኩል እኮ ነው! ልጅ ያሳደገ ሰው ኪሎ መጨመር ምን እንደሆነ ያውቃል።

ጩጬ ነርሷን ተከትላ ወጣች፤ እኔም ወጣሁ። በሩ ጋ ስደርስ ስትጠይቃት ሰማሁ።

"ሲስተር፣ ውሃ ነው አይደል? ሆዷ ውስጥ የተጠራቀመ።"

ነርሷ እኔን አየችኝ፣ እሷን አየቻት። "ዶክተሯ ስትመጣ ትነግራችኋለች" አለችና ሚዛኑን እየገፋች ወደሚቀጥለው ክፍል ሄደች።

"እንዴት አወቅሽ?" አልኳት ጩጬን።

"ትናንት ስጫናት ያልነበረ ነገር አለ። ጠዋት ጠዋት እጫናታለሁ፣ እትዬ። በየቀኑ።"

ስንመለስ እማ ስልክ ይዛ ከእጥበት ክፍሉ አለቃ ጋር እያወራች ነው። ድምጿ የታመመ ሰው ድምፅ አይመስልም። "ሁለት ኪሎ ተኩል እልሻለሁ! ቦታዬን ለሰው እንዳትሰጪብኝ፤ ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ እመጣለሁ። ምን? ልጆቼን ጠይቂያቸዋ፣ ይኸው እዚህ ናቸው።" ስልኩን ከጆሮዋ ራቅ አድርጋ ወደኛ ዞረች። "አይደል እንዴ? ንገሯት!"

ጩጬ ወደ አልጋው ጠጋ አለች። "አዎ እማ" አለች ጮክ ብላ፣ ስልኩ ውስጥ እንዲሰማ። "ሁለት ኪሎ ተኩል።"

"እሰይ!" አልኩ እኔም።